ከቪየና የሚመጡት መልእክቶች

ሻንጣውን ያገኘው ጉዩ የተባለ የእንጭኒ ገበሬ ነው። ጥር 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት የጠፋች ጊደሩን ሲፈልግ ከገደሉ አፋፍ ቁልቁል ቢያይ፣ ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ሰማያዊ ነገር ታየው። መጀመሪያ ሰው መስሎት ሸሸ። ኋላ ከወንድሙ ጋር ተመልሶ በገመድ አወጡት። ከፍተው ፓስፖርት ሲያዩ መልሰው ዘጉትና ለእንጭኒ ፖሊስ አስረከቡ።

ከሰዓት በኋላ ሻንጣው አምቦ፣ በዞኑ ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ክፍል፣ በኢንስፔክተር ደብሪቱ ደቻሳ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ደብሪቱ ጓንት አድርጋ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አወጣች። ጨርሶ ያልተለበሰ ወፍራም ካፖርት፣ የሱፍ ጓንት፣ ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ፣ ለስጦታ የተጠቀለለች ትንሽ ሙዳይ። ፓስፖርቱ ለንሳ ለሜሳ ይላል። ሃያ ሰባት ዓመት። ውስጡ የኦስትሪያ ቪዛ ተለጥፎበታል፤ የቦሌ የመውጫ ማኅተም ግን የለበትም። በመካከሉ የኅዳር 22 የአውሮፕላን ትኬት ተጣጥፎ ገብቷል።

ረዳቷ ሳጅን ፊራኦል ፎቶውን ሲያይ ፈገግ አለ።

«ይቺን ልጅማ አውቃታለሁ። የአዴ ኡርጌ ልጅ ናት፣ ቅርስ ቤቱ ውስጥ የምትሠራዋ። አሁን ግን ቪየና ናት።»

«ማን አለ?»

«ሰው ሁሉ። ለሦስት ሳምንት የሙዚየም ሥልጠና ሄዳ እዚያው ቀረች። ለእናቷ ፎቶ ትልክ የለ እንዴ!»

ደብሪቱ ፓስፖርቱን አነሳችና ፊቱ ያዘችለት።

«ታዲያ በምን ሄደች?»

ፊራኦል ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ።

*

ሰፈሩ በኦሮምኛ አዴ፣ እናት፣ የሚላቸው ኡርጌ በጤና ጣቢያ ነርስነት ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ደብሪቱን በደስታ ተቀብለው ወንበር ሰጧት። ስለ ሻንጣው ገና አልነገረቻቸውም።

«ለንሳ እንዴት ናት፣ አዴ?»

«ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ናት። ትናንትም ጽፋልኛለች።»

«ድምጿን የሰሙት መቼ ነው?»

ኡርጌ ትንሽ አሰቡ። «የሄደች ለት። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባጃጅ ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ኔትወርኩ ለስልክ አይሆንም አለችኝ። ትጽፋለች ብቻ።»

ስልካቸውን አውጥተው አሳዩአት። ፎቶዎቹ ያምራሉ። የቪየና የሙዚየሞች ሰፈር ነው፤ ግቢውን ያረጁ ረጃጅም ሕንፃዎች ከበውታል፣ መሐሉ ላይ አንድ ነጭ አንድ ጥቁር ትልልቅ ሙዚየም ቆሟል። «እማዬ፣ ዛሬ ሙዚየም ስንጎበኝ ዋልን።» «እማዬ፣ ብርዱ ከባድ ነው፣ ግን ለምጄዋለሁ።» ታኅሣሥ 20 ላይ ደግሞ፦ «እማዬ፣ ላለመመለስ ወስኛለሁ። እንዳትፈልጊኝ፣ ሥራ እስክይዝ ታገሺኝ።»

«እማዬ ነው የምትልዎት?» አለች ደብሪቱ።

«ድሮ ‹ሀርሜ ኮ› ነበር የምትለኝ። በኦሮምኛ ነበር የምንጻጻፈው። ከሄደች በኋላ አማርኛ ሆነ። ከሰው ጋር ስለምትውል ይሆናል ብዬ እኔም በአማርኛ መመለስ ጀመርኩ።»

በዚህ መሐል ስልኩ በደብሪቱ እጅ ውስጥ ጮኸ።

«እማዬ እንዴት ዋልሽ? ዛሬ በጣም ይበርዳል።» ከሥሩ ፎቶ አለ።

ደብሪቱ ስልኩን ጠጋ አድርጋ አየች። ከስሙ ሥር ያለው ምልክት ሰውየው አሁንም ስልኩ ላይ መሆኑን ያሳያል። የለንሳ ፓስፖርት በደብሪቱ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ የለንሳ ስም ግን እዚህ እየጻፈ ነው። የት ሆኖ? ምናልባት ሁለት ሰፈር አልፎ። ምናልባት ከአጥሩ ወዲያ። ሳታስበው በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። በመንገዱ ላይ አንዲት ሴት አህያ ትነዳለች፣ ሌላ ማንም የለም።

ኡርጌ ሲመለከቷት ቆዩ።

«ልጄ፣ እኔ ለሰው መርዶ ስናገር ነው ያረጀሁት። ይህን ፊት አውቀዋለሁ። ንገሪኝ።»

ደብሪቱ መዋሸት አልቻለችም። ፓስፖርቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ኡርጌ አልጮኹም። ፎቶውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ደብሪቱ የመለሰችላቸውን ስልክ እንደ እባብ ከጉልበታቸው ላይ አራቁት።

«ማነው ታዲያ የሚጽፍልኝ?»

«አላውቅም፣ አዴ። ግን ማወቃችንን እንዳያውቅ ይሁን። ለማንም አይንገሩ። ሲጽፍልዎ እንደ ወትሮዎ ይመልሱለት።»

«ከዚህ ሰው ጋር ላውራ?»

«እስካገኘው ድረስ።»

*

ባጃጅ ነጂውን ፊራኦል በማግስቱ አገኘው። ልጅቷን በደንብ ያስታውሳታል፤ ሻንጣዋ ከብዶት ነበር።

«መናኸሪያ አላደረስኳትም። ቅርስ ቤቱ ጋ ስንደርስ ‹እዚህ አውርደኝ፣ በመኪና የሚወስደኝ አለ› አለችኝ። መኪና ግን አላየሁም።»

በመኪና የሚወስዳት ማነው? ሁሉም አንድ ሰው ጠቆመ። እጮኛዋ ታምራት የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። በጉዞው ምክንያት ከለንሳ ጋር ክፉኛ እንደተጣሉ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ያን ዕለት የት እንደነበር ሲጠየቅ «ቤቴ፣ ፈተና ሳርም» አለ። የሆለታ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ግን በዚያ ቀን መኪና ሲቀይር አይቶታል።

ሰኞ ጠዋት ከክፍል አስወጥተው አመጡት። ደብሪቱ የሆለታውን ምስክርነት ነገረችው።

«ለምን ዋሸህ?»

«አፍሬ ነው። ቦሌ ሄጄ ነበር። ሳልታረቃት እንዳትሄድ ብዬ። የአጎቴ ልጅ እዚያ ዕቃ ተሸካሚ ነው፣ ከእሱ ጋር በሩ ላይ ቆምኩ። በረራው እስኪያልፍ ጠበቅሁ። አላየኋትም። አይታኝ በሌላ በር የገባች መሰለኝ። ከኔ የሸሸች መሰለኝ።» አንገቱን ቀና አደረገ። «ለምን ትጠይቂኛለሽ? የሆነችው ነገር አለ?»

ደብሪቱ ስልኳን አነሳች። የአጎቱ ልጅ በስልክ ቃሉን አጸና፤ ሰዓቱን ሳይቀር። ታምራት ከለንሳ ጋር የተጻጻፈውን ሁሉ አሳየ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው በኦሮምኛ ነው። ለእናትየዋ የሚጽፈው ሰው ግን አንዲት የኦሮምኛ ቃል አልጻፈም።

ከቴሌ የመጣው መልስ ደግሞ የበለጠ አስፈራ። የለንሳ ቁጥር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው ኅዳር 22 ረፋድ ላይ፣ በእንጭኒ አካባቢ ነው። ከአምቦ ቦሌ የሚሄድ ሰው በእንጭኒ አያልፍም። ደብሪቱ ገደሉን ወዲያው ማስፈተሽ ፈለገች፤ ግን ወሬው አምቦ ደርሶ የሚጽፈው ሰው እንዳይሸሽ ፈርታ አቆየችው። ከዚያ ወዲህ ሲም ካርዱ ዝግ ነው፤ መልእክቶቹ የሚመጡት ከሌላ ስልክ በሚያገኘው ኢንተርኔት መሆን አለበት።

*

ቪየና የደወለው ፊራኦል ነው፤ እንግሊዝኛው ይሻላል። የሥልጠናው አስተባባሪ የሆነች ሴት በቪዲዮ መጣች። ለንሳ አልመጣችም አለች። ኅዳር 24 ከለንሳ አድራሻ «ታምሜያለሁ፣ ይቅርታ» የሚል ኢሜይል ደርሷቸዋል።

ደብሪቱ ከእናትየዋ ስልክ የተወሰዱትን ፎቶዎች እንዲልክላት አደረገች። ሴትየዋ እያየች ቆይታ ግራ በመጋባት ሳቀች።

«ይሄን ፎቶ አነሳሁ ያለችው መቼ ነው?»

«ከሦስት ቀን በፊት ነው የተላከው፣ ‹ዛሬ በጣም ይበርዳል› ከሚል ጽሑፍ ጋር» አለ ፊራኦል።

ሴትየዋ ካፖርቷን ደርባ ስልኩን እንደያዘች ወደ ውጭ ወጣች። ደብሪቱ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ያ ግቢ ነው፤ ያው ነጭና ያው ጥቁር ሕንፃ። ግን መሬቱ በበረዶ ተሸፍኗል። በዳርና በዳር ትንንሽ የመስታወት ጎጆዎች ተተክለው፣ ሰዎች በሁለት እጃቸው የሚጨስ መጠጥ ይዘው ቆመዋል። ወዲያ በረዶ በተጋገረበት ጠባብ መስመር ላይ ሰዎች ከባድ ክብ ነገር እያንሸራተቱ ይጫወታሉ። ሲመሽ ደግሞ የሙዚየሞቹ ግድግዳ በብርሃን ሥዕል ይሸፈናል አለች ሴትየዋ። ደብሪቱ በረዶ በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ለንሳ ልታየው የነበረው ይህን ነበር፤ ካፖርቱንም የገዛችው ለዚህ ነው።

ፊራኦል እየተረጎመ ነው። «ፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች የሚጋደሙባቸው ባለቀለም ትልልቅ መቀመጫዎች የበጋ ናቸው ትላለች። ሕፃናቱ እግራቸውን የነከሩበት ውኃም በቅዝቃዜው ወራት አይኖርም። ሁሉም ፎቶዎች የተነሡት በእነሱ በጋ ነው፤ በእኛ ከሰኔ እስከ ነሐሴ።»

«ባለፈው ክረምት ከአምቦ እዚያ የሄደ ሰው ታውቃለች?»

«ሥራ የጀመረችው በመስከረም ነው። አታውቅም።»

ስልኩ ተዘጋ።

«ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አጣኋቸው» አለ ፊራኦል። «የራሱ ናቸው ማለት ነው።»

«አዎ። እዚያ ግቢ ውስጥ በእግሩ የቆመ ሰው ነው።»

በዚያው ቀን የካፖርቱን ኪስ የፈተሸው ባለሙያ አንድ የተጣበቀ ወረቀት ለያይቶ አደረቀ። ለሠልጣኞች የተላከው የሙዚየሞቹ ሰፈር የቅዝቃዜ ወራት ፕሮግራም ነው። ለንሳ ልታያቸው ያሰበቻቸውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋባቸዋለች፤ የበረዶውን ጨዋታ፣ የብርሃኑን ትርዒት። በመጨረሻው ገጽ በአንድ ትንሽ የግል ጋለሪ የሚከፈት ኤግዚቢሽን አለ፤ ፎቶው አፉ በብር የተለበጠ የጎሽ ቀንድ ዋንጫ ያሳያል። ለንሳ ሁለት ጊዜ ከብባዋለች። ከጎኑ በኦሮምኛ ጽፋለች፦ «ይሄ የእኛ ነው።»

*

ቅርስ ቤቱ በከተማዋ ዳር ያለች የአንድ ማኅበር ቤት ናት። ሠራተኞቿ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ለንሳ፣ ሚስጥር የምትባል ጓደኛዋ፣ ኃላፊው አቶ ተድላ።

ደብሪቱ የጋለሪውን ፎቶ ስታሳያት ሚስጥር ሳቀች። «ይሄማ ኦቦ ጃርሶ የሚባሉ ሽማግሌ ከእንጭኒ ያመጡልን ዋንጫ ነው። ይኸው አለ።» የመስታወቱን ሳጥን ከፍታ ዋንጫውን አነሳች። አገላበጠችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበችው።

«ምን ሆንሽ?»

«ከንፈሩ ላይ ስንጥቅ ነበረው፤ በናስ የተጠገነ። እኔና ለንሳ ነን ያጸዳነው።» ጥፍሯን በመስመሩ ላይ ጎተተች። ናስ የመሰለው ቀለም ተላጠ። «ይሄ የእኛ አይደለም።» ዋንጫውን እንደሚያቃጥል ነገር አስቀመጠችው። «ቁልፍ ያለን ሦስታችን ነን። እኔን ነው የምትጠረጥሪኝ አይደል?»

«ኅዳር 22 የት ነበርሽ?»

«እህቴ ምጥ ላይ ነበረች። ሆስፒታል ነው የዋልኩት።»

አቶ ተድላ ድምፁ የለዘበ፣ አምሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥቶ አምቦ ስምንት ዓመት ኖሯል። ስለ ዋንጫው ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ፣ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ እንዲወጣ አልፈልግም ነበር። ለንሳ ለምን እንደቀረች አሁን ገባኝ። ዋንጫውን ይዛው ሄዳለች ማለት ነው።»

ደብሪቱ ሻንጣው መገኘቱን ከአዴ ኡርጌ በቀር ለማንም አልተናገረችም። ወደ ቅርስ ቤቱ የመጣችውም እናትየው አፈላልጉልኝ ስላሉ ነው ብላ ነው።

«እርስዎ በዚያ ቀን?»

«ጊንጪ፣ ሰርግ ላይ። ቪዲዮ አለ፤ ሰው ሁሉ አይቶኛል።»

«ቪየና ሄደው ያውቃሉ?»

«ፍራንክፈርት አንዴ ለስብሰባ ሄጃለሁ። ከዚያ አላለፍኩም። ምስኪን እናቷ» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ሄጄ ላጽናናቸው ይገባል።»

ከግቢው ሲወጡ ፊራኦል በንዴት ድንጋይ መታ። «ሁለቱም ያን ቀን ሌላ ቦታ ነበሩ።»

«ሰርጉ የተጀመረው በስንት ሰዓት ነው?»

«ልጠይቅ።»

ሁለት ቦታ ደወለ። ሙሽራው የገባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ አቶ ተድላም ከዚያ በኋላ ነው የታየው። ሆስፒታሉ ደግሞ ሚስጥር ቀኑን እዚያ መዋሏን አረጋገጠ፤ ግን ለሁለት ሰዓት ያህል ያየኋት የሚል አልተገኘም። በግምት ሰው አይያዝም። ስልኩን የያዘው እጅ ራሱ መምጣት አለበት።

*

ሐሳቡን ደብሪቱ አመጣችው፤ ቃሉን ግን የጻፉት ኡርጌ ናቸው።

«ለንሳዬ፣ ቀንዱን የሳልሽበትን ደብተር ፍራሽሽ ሥር አገኘሁት። ፖሊስ እየጠየቀኝ ነው። ልስጣቸው?»

እንዲህ ያለ ደብተር የለም። መልስ እስኪመጣ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ።

«እንዳትሰጪ። ለማንም አታሳዪ። የት ነው ያለው?»

«ሳጥኔ ውስጥ።»

በማግስቱ ፊራኦል ከጎረቤት ግቢ ተደበቀ። ደብሪቱ ከሳሎኑ በመጋረጃ ብቻ በተለየችው መኝታ ቤት ቆመች። ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሚስጥር ነበረች። ብርቱካን ይዛ መጥታ፣ ኡርጌን አቅፋ አለቀሰች። ደብሪቱ እስትንፋሷን ይዛ አዳመጠች። ሚስጥር ደብተር የሚባል ነገር አላነሳችም፤ ሩብ ሰዓት ቆይታ ሄደች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ እንደገና ተንኳኳ።

«ቤቶች! እንደምን ዋሉ፣ እናቴ?» አለ የለዘበ ድምፅ።

አቶ ተድላ ገብቶ ተቀመጠ። ስለ ጤናቸው ጠየቀ፣ ስለ ጉልበታቸው ጠየቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለንሳ ዛሬ ጠዋት ደውላልኝ ነበር።»

«ደወለች?» አሉ ኡርጌ። «ድምጿን ሰማኸው?»

«እንዴታ። የሆነ ደብተር አለ፣ ከፖሊስ በፊት ተቀበልልኝ ብላ ለመነችኝ።»

«ድምጿ እንዴት ነው?»

«ደህና ናት። ትንሽ ጉንፋን ይዟታል እንጂ።»

ከመጋረጃው ኋላ ደብሪቱ ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ ወንበር ተንቀሳቀሰ። የተድላ እርምጃ ወደ በሩ ሄደ፤ በሩ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያው ገባ። ሲመለስ ልስላሴው ከድምፁ ጠፍቶ ነበር።

«ሳጥኑ የትኛው ነው?»

ኡርጌ ዓይናቸውን ጉልበታቸው ላይ ባለው ስልክ ላይ ተከሉ።

«ሴትዮ፣ ሳጥኑ የትኛው ነው አልኩ እኮ!»

ደብሪቱ እጇ ሽጉጧ ላይ ነው። ደብተር ብሎ ሳጥኑን ሲከፍት ልትይዘው ነበር የተስማሙት። ኡርጌ ግን ያልተስማሙበትን አደረጉ። ስልካቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው የልጃቸውን ስም ነኩና በሚጻጻፉበት በኢንተርኔቱ መስመር ደወሉ።

ዝዝዝ... ዝዝዝ...

ድምፁ የመጣው ከተድላ ኮት የውስጥ ኪስ ነው። እጁ ወደ ደረቱ ሄደና ቀረ።

«አንሳው» አሉ ኡርጌ። «አንሳውና ልጄን አገናኘኝ።»

ተድላ ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ሲራመድ ደብሪቱ መጋረጃውን ገፍታ ወጣች። ሽጉጡን ሲያይ ለመሮጥ እንኳ አልሞከረም። ወንበሩን በእጁ ዳብሶ ተቀመጠ፤ ስልኩ አሁንም ደረቱ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነው።

*

ወደ እንጭኒ የወሰዳቸው ተድላ ራሱ ነው። መኪናው ውስጥ መጀመሪያ «ራሷ ወደቀች» አለ። ጊንጪን ካለፉ በኋላ «ልይዛት ስል ነው» አለ። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ የቀረውን ተናገረ።

ባለፈው ሐምሌ ከፍራንክፈርት ስብሰባ በባቡር ቪየና ተሻግሮ ዋንጫውን ለጋለሪው ሸጦታል። ፎቶዎቹን ያነሳው ያኔ ነው። ኅዳር ላይ ለንሳ ፕሮግራሙን ይዛ መጣችና ጠየቀችው፤ እሱን አልጠረጠረችም፤ ምክር ፈልጋ ነው። የእኛ ሳጥን ውስጥ ያለው እውነተኛው ነው አላት። «ቦሌ አደርስሻለሁ፤ በረራሽ የማታ ስለሆነ በእንጭኒ አድርገን ኦቦ ጃርሶ ፎቶውን ይዩልን» ብሎ በማለዳ ጫናት። ከመንገዱ ወጣ ብሎ መኪናውን አቆመ፤ ለማንም እንዳትናገር ለመናት። እሷ ግን ያኔ ገባት። ጋለሪው ድረስ ሄጄ ዋንጫው ላይ እጄን አኑሬ እናገራለሁ አለችው።

«ከዚያስ?» አለች ደብሪቱ።

«ከዚያ ገፋኋት።»

ስልኳን በእጁ ያስቀረው፣ ሰው ቶሎ እንዳይፈልጋት ነው፤ የመክፈቻ ቁጥሩን ሥራ ቦታ አይቶት ያውቀዋል፣ ኦሮምኛ መጻፍ ስለማይችል ግን በአማርኛ ጻፈ። ሰው ሁሉ ቀረች ለማለት ዝግጁ ነበር፤ እሱ የጻፈው ጥቂት ነው፣ የቀረውን አገሩ አወራለት። ሰርጉ ላይ ሲደርስ ሱሪው ጭቃ እንደነበረ ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

ጉዩና ወንድሙ በገመድ ወርደው አስከሬኑን አገኙት፤ ሻንጣው ከተገኘበት ቦታ ሩቅ አልነበረም። ታምራት እመጣለሁ ብሎ ለምኖ መጥቶ ነበር። ሲያወጧት ሁለት ሰዎች ይዘውት ቆሙ። ዋንጫውን ለማስመለስ ደብዳቤ ተጽፏል፤ መልስ ገና አልመጣም።

ከቀብሩ በኋላ ደብሪቱ ኡርጌ ቤት ሄደች። ለቀስተኞቹ ውጭ ድንኳን ውስጥ እየዘመሩ ነው። ኡርጌ ግን ብቻቸውን ጓዳ ተቀምጠዋል። ደብሪቱን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። ለሰው አልተናገርኩትም።»

«ይጠይቁኝ፣ አዴ።»

«እኔ በየማታው ሳልመርቃት ተኝቼ አላውቅም። እዚህ ስትሆን እጇን ይዤ ነው። ከሄደች በኋላ በስልክ እጽፍላት ነበር። ‹እጅሽ ይባረክ፣ የነካሽው ይለምልም፣ የሄድሽበት ይቅናሽ› እያልኩ። እሱም አሜን ብሎ ይመልስልኝ ነበር።» መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «አርባ ቀን ሙሉ የመረቅኩት የሱን እጅ ነው። ያንን እጅ።»

«አንቺ ብዙ ነገር አይተሻል» አሉ ኡርጌ። «ምርቃት መልሶ መውሰድ ይቻላል?»

«አላውቅም፣ አዴ ኡርጌ።»

ኡርጌ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደብሪቱ ወደ ቢሮ መመለስ ነበረባት፤ ፊራኦል በር ላይ መኪና አስነስቶ ይጠብቃታል። አልተነሳችም። የኡርጌን እጅ ያዘች፤ በድንኳኑ ያለው መዝሙር እስኪያበቃ አብረው ተቀመጡ።